ከመጠጥ የራቁት የፓንክ ወጣቶች፦ የኢያን ማካይ ጉዳይ

በ1981 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አራት ወጣቶች 46 ሰከንድ የምትፈጅ አንዲት ዘፈን በሸክላ አሳተሙ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የባንዱ ስም ማይነር ትሬት፣ የዘፈኗ ርዕስ «ስትሬት ኤጅ» ነበር። ግጥሙን የጻፈውና የዘፈነው ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ኢያን ማካይ ነው። በዘፈኗ ውስጥ የሚናገረው ስለ ራሱ ነበር፤ ዕድሜውን በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ማባከን አልፈልግም አለ፤ አበቃ። ከዚያች ዘፈን ግን ስሙን ያገኘ አንድ የወጣቶች ባህል ተነሳ። ተከታዮቹ አልኮል አይጠጡም፣ ሲጋራ አያጨሱም፣ ዕፅ አይወስዱም፤ ሙዚቃቸው ግን ጩኸቱ ጆሮ የሚበጥስ፣ ፍጥነቱ ትንፋሽ የሚያሳጥር ፓንክ ነው። ባህሉ ከአሜሪካ ተሻግሮ አውሮፓንና ደቡብ አሜሪካን አዳርሷል፤ ዛሬም በሕይወት አለ።

አንድ ድምፃዊ ያለ ድርጅት፣ ያለ ገንዘብና ያለ ስብከት ይህን ያህል ወጣት ከስካር ሊያርቅ የቻለው እንዴት ነው? ጥያቄው ለሙዚቃ ወዳጆች ብቻ የሚተው አይደለም፤ ወጣቶች ከሱስ እንዲጠበቁ የሚመኝ ሁሉ ሊመረምረው የሚገባ ነው። በእኔ እምነት መልሱ ያለው ከዘፈኗ ይልቅ ከእሷ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በተደረገ አንድ ስምምነት ውስጥ ነው። በኋላ የመጣው ጉዳትም ያ ስምምነት ተረስቶ ዘፈኗ ብቻዋን ስትቀር የመጣ ነው።

ማካይ የተወለደው በ1962 እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ ነው። አባቱ በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ የሃይማኖት ጉዳዮችን የሚከታተል ጸሐፊ ነበር። ቤተሰቡ ያዘወትረው የነበረው የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያንም በሲቪል መብትና በፀረ ጦርነት ትግል ስሙ የሚነሳ ነበር። ልጁ እንግዲህ «ሰው ሁሉ ያደርገዋል» የሚባለውን ነገር ለመጠየቅ የሚያፍር ቤት ውስጥ አላደገም። በ1970ዎቹ መገባደጃ ዊልሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲማር የእኩዮቹ መዝናኛ ቢራና ማሪዋና ነበር። እሱ አልጀመረም፤ ባለመጀመሩም ይቀለድበት ነበር። በዚያ ዘመን አመፀኛ ወጣት ማለት የሚጠጣና የሚያጨስ ማለት ነው። የማይጠጣ ልጅ ደግሞ ወይ የእናቱ ልጅ ነው ወይ ሃይማኖተኛ። አለመጠጣትም ማመፅም የሚፈልግ ልጅ የሚቆምበት ቦታ አልነበረውም።

በየካቲት 1979 ክራምፕስ የተባለ የፓንክ ባንድ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተጫወተ። ኮንሰርቱ የተዘጋውን የዩኒቨርሲቲውን ሬዲዮ ጣቢያ ለመደገፍ የተሰናዳ ነበር። የ16 ዓመቱ ማካይ እዚያ ተገኘ፤ ቦታው መጠጥ ቤት ስላልነበር ዕድሜው አላገደውም። ፓንክን በዓይኑ ያየው ያን ምሽት ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ አላለም። በዚያው ዓመት ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቋመ፤ በኋላም ቲን አይድልስ የሚባለው ባንድ ከዚሁ ወጣ። እሱ ቤዝ ጊታር፣ ጓደኛው ጄፍ ኔልሰን ከበሮ ይጫወቱ ነበር።

እነዚህን ልጆች ከማንም በላይ የቀረጿቸው በዚያው ከተማ የነበሩት ባድ ብሬንስ ናቸው። አራቱም ጥቁሮች ነበሩ፤ የጃዝ ሙዚቃ ተጫዋችነታቸውን ይዘው ወደ ፓንክ የገቡ፣ በፍጥነትም በችሎታም የሚስተካከላቸው ያልነበረ። ስለ በጎ አስተሳሰብ ይዘምሩ ነበር፤ መድረክ ላይ የሚታየው ቁጣ ሁሉ ወደ ራስ ግንባታ እንዲዞር ያስተምሩ ነበር። ኋላም ራስተፈሪያን ሆኑ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በሚያመልከው በዚያ እምነት ማሪዋና የጸሎት ዕፅ ነውና ባድ ብሬንስ የስትሬት ኤጅ አባቶች ሊባሉ አይችሉም። ነገር ግን «ሙዚቃ ኑሮን ማቅኛ ነው» የሚለውን እምነት ማካይና ጓደኞቹ ያገኙት ከእነሱ ነው። ሁለቱም ባንዶች ከተጫወቱባቸው ቦታዎች አንዱ በአዳምስ ሞርጋን ሰፈር 18ኛው ጎዳና ላይ የነበረ የአርቲስቶች የጋራ ቤት ነው። ዋሽንግተን የኖረ አበሻ ሁሉ ያንን ጎዳና ያውቀዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ጎን ለጎን የተከፈቱበት ነውና።

ነገር ግን እንዲህ ያሉ ቤቶች ጥቂት ነበሩ። ሙዚቃው በአብዛኛው የሚገኘው በክለቦች ውስጥ ነው፤ ክለብ ደግሞ የሚተዳደረው ከመግቢያ ትኬት ይልቅ በመጠጥ ሽያጭ ነው። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ለባለቤቱ በሁለት በኩል ኪሳራ ነው። መጠጥ አይገዛም፤ ደብቆ ከጠጣ ደግሞ ፈቃድ ያስነጥቃል። ስለዚህ በሩ ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፤ ልጆቹም ውጭ ይቀራሉ። የ17 ዓመት ልጆች ባንድ የራሱን እኩዮች ሰብስቦ የሚጫወትበት ቦታ ያጣው ለዚህ ነው። የአንድ ትውልድ ሙዚቃ ባልዋለበት የመጠጥ ንግድ ታስሮ ነበር ማለት ይቻላል።

በነሐሴ 1980 ቲን አይድልስ በአውቶቡስ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው ካሊፎርኒያ ሄዱ። ዕቃ ለመሸከም አብረዋቸው ከተጓዙት ጓደኞች አንዱ በኋላ ሄንሪ ሮሊንስ ተብሎ በድምፃዊነቱ ዝነኛ የሆነው ወጣት ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ማቡሃይ ጋርደንስ በተባለ ክለብ ሊጫወቱ ሲደርሱ ዕድሜያቸው ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ክለቡ ግን አላባረራቸውም። በእጃቸው ጀርባ ላይ በጥቁር ማርከር ትልቅ ኤክስ ተሰመረባቸው፤ ባር ላይ ያለው ሻጭ ያንን ምልክት ካየ አይቀዳም። ነገሩ በዚሁ አለቀ። ልጆቹ ገቡ፣ ተጫወቱ፣ ወጡ።

ይህን ሲያዩ የገባቸውን ነገር ይዘው ወደ ዋሽንግተን ተመለሱ። በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ ከዋይት ሀውስ ብዙም በማይርቀው ኤፍ ጎዳና ናይን ተርቲ የተባለ ክለብ ተከፍቶ ነበር። ለኃላፊዎቹ ያቀረቡት ሐሳብ አጭር ነው፦ እጃችን ላይ ኤክስ እናደርጋለን፤ ከመካከላችን አንድ ሰው ሲጠጣ ካገኛችሁ ሁላችንንም ለዘለዓለም አግዱን። ክለቡም ተስማማ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው። ልጆቹ «አንጠጣም» ያሉት ለጽድቅ ወይም ለጤና ብለው አልነበረም፤ ሙዚቃው ጋ ለመድረስ ያስያዙት ዋስ ነበር። አንዱ ቃሉን ቢያፈርስ ሁሉም ውጭ ይቀራሉ፤ ስለዚህ አንዱ ለሌላው ኃላፊ ነው። ማንም አዋቂ ሰው አልተቆጣጠራቸውም። ከመጠጥ መራቃቸው ያስገኘላቸው ነገር ደግሞ በዓይን የሚታይ፣ በዚያው ምሽት የሚጨበጥ ነበር፤ በሩ ተከፈተላቸው። ለወጣት «አትጠጣ፣ ነገ ትጠቀማለህ» ሲባል ነገ ሩቅ ነው። «አትጠጣ፣ ዛሬ ማታ ከጓደኞችህ ጋር መድረኩ ፊት ትቆማለህ» ሲባል ግን ይሰማል። ክለቡ ለማግለያ የሚጠቀምበትን ምልክት ልጆቹ ራሳቸው ፈልገው ሲያደርጉት ትርጉሙ ተገለበጠ። ብዙም ሳይቆይ ዕድሜያቸው ለመጠጥ የደረሰ ሰዎች ጭምር በእጃቸው ላይ ያሰምሩት ጀመር።

ቲን አይድልስ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተበተነ። በቁጠባ ሣጥናቸው ውስጥ ከየኮንሰርቱ የተጠራቀመ 600 ዶላር ገደማ ነበራቸው። ተካፍለው መለያየት ይችሉ ነበር፤ እነሱ ግን ለሸክላ ማሳተሚያ አዋሉት። ማካይ፣ ኔልሰንና የባንዱ ድምፃዊ ዲስኮርድ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ የመሠረቱት በዚህ ገንዘብ ነው። ሽፋን እንዴት እንደሚሠራ ስለማያውቁ የሌላ ሸክላ ሽፋን ፈትተው ቅርጹን በወረቀት ላይ ነደፉ፣ አሳተሙ፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጠው አንድ ሺሁን ቅጂ በመቀስ እየቆረጡ፣ እያጠፉ፣ በሙጫ እየለጠፉ ጨረሱ። ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶግራፍ ፊት አያሳይም፤ የተጣመሩ ሁለት እጆች ናቸው፣ በሁለቱም ጀርባ ላይ ጥቁር ኤክስ ተሰምሮባቸዋል። የእጆቹ ባለቤት የማካይ ታናሽ ወንድም ነው። ያ ምስል ዋሽንግተንን ረግጠው የማያውቁ ልጆች እጅ ገባ። የክለቡ ስምምነት ግን በሸክላው ውስጥ አልተጻፈም፤ ምስሉን ያዩት ሰዎች ምልክቱን እንጂ ምክንያቱን አላገኙም።

ከዚያ ማይነር ትሬትና ያቺ ዘፈን መጡ። በ1981 የወጣው ሁለተኛው ሸክላቸው ደግሞ ሌላ ዘፈን ይዞ መጣ፤ በእሷ ውስጥ ማካይ የማያደርጋቸውን ሦስት ነገሮች ይዘረዝራል። አያጨስም፣ አይጠጣም፣ ሴትን ድል እንደተነሳች ምርኮ በሚቆጥር ዝሙት አይሳተፍም። ችግሩ በዜማው ሩጫ «እኔ» የሚለው ቃል ተውጦ መቅረቱ ነው። ሰሚው ጆሮ ላይ የሚደርሰው ትእዛዝ ነው፦ አታጭስ፣ አትጠጣ። ከበሮ መቺው ኔልሰን ይህ አላስደሰተውም፤ ለሰው ሁሉ ሕግ የምናወጣ ያስመስለናል ብሎ ተከራከረ። በግጥሙ ወረቀት ላይ «እኔ» በቅንፍ እንድትገባ ያደረገውም እሱ ነው። በ1983 ዘፈኗን ለአልበም እንደገና ሲቀርጿት ክርክሩ እንደገና ተነሳ። በመጨረሻም ማካይ በዘፈኗ መካከል ዜማውን ትቶ በተራ ንግግር ይህ የሕግ ዝርዝር አይደለም፣ ምን እንደምታደርጉ አልነግራችሁም ሲል ይሰማል።

አንድ ደራሲ ተከታዮቹ ሳይበዙበት አስቀድሞ ራሱን ለማረም የሞከረበት ይህን የመሰለ አጋጣሚ ብዙ አላውቅም። ኔልሰን ያየው አደጋ እውነተኛ ነበር። ሆኖም ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነገሩ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። የአልበሙ ሽፋን ላይ ከነጫጭ በጎች መንጋ ተነጥላ ወደ ሌላ አቅጣጫ የምትሮጥ ጥቁር በግ ተስላለች። በየከተማው ያሉ ልጆች ግን ያቺን በግ ለመከተል አዲስ መንጋ እየሠሩ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቦስተኖች ናቸው። ኤስ ኤስ ዲ የተባለው ባንድና በዙሪያው የተሰበሰቡት ጎረምሶች ከዋሽንግተኖቹ የሰሙትን ነገር አጠንክረው ያዙት። በኮንሰርት ላይ የሚጠጣ ሰው ሲያዩ ብርጭቆውን ከእጁ ይመቱ ነበር ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራል። ማይነር ትሬት በ1983 ፈረሰ፤ ሆኖም በ1980ዎቹ አጋማሽ በኮኔቲከትና በኒውዮርክ ዩዝ ኦፍ ቱዴይ የሚባል ባንድ ተነስቶ ለባህሉ ሁለተኛ ሕይወት ሰጠው። የባንዱ ድምፃዊ ሬይ ካፖ ከመጠጥ መራቅን ሥጋ ካለመብላት ጋር አያያዘው፤ በኋላም ከሂንዱ ሃይማኖት የመነጨው የሐሬ ክሪሽና እምነት ተከታይ ሆነ። በ1990ዎቹ ከሲራኪዩዝ የመጣው ኧርዝ ክራይሲስ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንደ ጾመኛ ሥጋም ወተትም ዕንቁላልም አለመንካትን ከእንስሳት መብት ትግል ጋር አጣምሮ ሰበከ። ዘፈኖቹ ውስጥ በዕፅ አዘዋዋሪዎች ላይ ኃይል መጠቀምን የሚያወድስ ይገኝበታል። በስዊድን ሰሜናዊ ከተማ ኡሜዮ ይኸው ጥምረት ሪፊዩዝድ በሚባለው ባንድ ዙሪያ ብዙ ወጣቶችን አሰባሰበ፤ እዚያ ግን ይበልጥ ወደ ፖለቲካ አዘነበለ።

የከፋው በዩታ ግዛት ዋና ከተማ ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ደረሰ። ዩታ የሞርሞን ሃይማኖት ተከታዮች የሚበዙባት ግዛት ናት፤ አልኮልና ትንባሆ አስቀድሞም በሃይማኖቱ የተከለከሉ ናቸው። ስለዚህ አለመጠጣት ብቻውን እዚያ አመፅ ሊሆን አይችልም ነበር። ልዩነታቸውን ለማሳየት የፈለጉ ጥቂት ወጣቶች ጭካኔን ጨመሩበት። በ1990ዎቹ ሲጋራ በማጨሳቸው ወይም በመጠጣታቸው የተደበደቡ ሰዎች ነበሩ፤ ፖሊስም ስትሬት ኤጅን በወንበዴ ቡድንነት መዘገበው። በ1998 መሐል ከተማ ውስጥ በተነሳ ጠብ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ተገደለ፤ ድርጊቱም ከዚሁ ቡድን ጋር በተያያዙ ወጣቶች የተፈጸመ ነበር። ልጁ የሞተው ራሱን ከመመረዝ ለመጠበቅ በተወለደ ባህል ስም ነው። ይህን እያነበበ ልቡ የማይደማ ያለ አይመስለኝም።

አብዛኞቹ ተከታዮች ማንንም አልነኩም፤ ይህ መነገር አለበት። ለብዙ ሺህ ልጆች በተለይም የሰካራም ወላጅ ልጆች ለሆኑት ስትሬት ኤጅ የመጀመሪያው ከለላ ነበር። ጓደኛ ለማግኘት መጠጣት ግድ እንዳልሆነ የነገራቸው ሌላ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ባህሉ እያደገ ሲሄድ የገጠመው ችግር ከጥቂት ክፉዎች የመጣ ብቻ አይደለም። በየከተማው ኤክሱን የተቀበሉት ልጆች ምንም ዋስ አላስያዙም። ምልክቱ አንድን በር የሚያስከፍት መሆኑ ቀርቶ ማን ንጹሕ፣ ማን ርኩስ እንደሆነ የሚለይ ማኅተም ሆነ። ቃሉን አፍርሶ አንድ ብርጭቆ የጠጣ ልጅ ከሃዲ ይባላል፤ ከጓደኞቹም ይገለላል። በዋሽንግተን አንዱ ቢሳሳት ሁሉም አብረው ይታገዱ ነበር፤ በኋላ ግን አንዱ ሲሳሳት ሌሎቹ እሱን ያግዱት ጀመር። ሴቶችም ቀስ በቀስ ወደ ዳር ተገፉ። ጡንቻውን የሚያሳይ ጎረምሳ መድረኩን ከያዘ በኋላ ከፊት ለፊት መቆም ለብዙ ልጃገረዶች ከባድ ሆነባቸው።

ማካይ ራሱ የእንቅስቃሴ መሪ ተብሎ መጠራትን ደጋግሞ አልተቀበለም። የጻፍኩት ስለ ራሴ ነው፤ ሰው እንደፈለገ የመኖር መብት እንዳለው ነው የዘፈንኩት ይላል። አንዳንዶች ይህን ኃላፊነትን መሸሽ አድርገው ይተቹታል። እኔ ግን ማየት ያለብን ከማይነር ትሬት በኋላ ምን እንዳደረገ ነው ብዬ አስባለሁ። ያደረገው ነገር ከተናገረው ይበልጥ ይናገራልና።

በ1987 ፉጋዚን አቋቋመ። ፉጋዚ ስለ መጠጥ አልሰበከም። ያደረገው ነገር ሥርዓት ማስያዝ ነበር። ኮንሰርቶቹ ለማንኛውም ዕድሜ ክፍት እንዲሆኑ ባንዱ በቅድሚያ ይስማማል፤ መግቢያውም አምስት ዶላር ገደማ እንዲሆን ያስገድዳል። ይህን የማይቀበል አዳራሽ ውስጥ አይጫወትም። አዘጋጅ ሲያጡ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በትምህርት ቤትና በማኅበረሰብ ማዕከል ይጫወቱ ነበር። ካናቴራም አልሸጡም፤ የስትሬት ኤጅ ምልክት የታተመበት ልብስ በየቦታው ገበያ በደራበት ዘመን ማለት ነው። በዋሽንግተን ፖዚቲቭ ፎርስ ከተባለ የወጣቶች ስብስብ ጋር ሆነው ለቤት አልባዎችና ለሕክምና ማዕከላት ገቢ የሚያስገኙ ብዙ ኮንሰርቶች አዘጋጁ።

መድረኩ ፊት ለፊት ሰው የሚጋፋና የሚማታ ካዩ ሙዚቃው ይቆማል። ማካይ በማይክሮፎኑ ያንን ሰው ለይቶ ያናግረዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በትሕትና። ካልሰማ ወደ ጎን ይወሰድና አምስት ዶላሩ በፖስታ ታሽጎ ተመልሶለት ይሸኛል። ገንዘቡ መመለሱን ልብ ይሏል። ሰውየው አልተዘረፈም፣ አልተደበደበም፤ ስምምነቱ ስላልተስማማው የከፈለው ተመልሶለት ወጣ። ፖስታው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መያዙ ደግሞ እነዚህ ሰዎች ነገሩን ምን ያህል አስበውበት እንደነበር ያሳያል። በቦስተን ብርጭቆ ከእጅ መምታትና በዚህ መካከል ያለውን ርቀት ለማየት ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ፉጋዚ ከአንድ ሺህ በላይ ኮንሰርቶችን ካቀረበ በኋላ በ2002 ለንደን ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ተጫወተ። ከ2011 ጀምሮ የነዚያ ምሽቶች ቅጂ በመቶዎች የሚቆጠር ሆኖ ለሕዝብ ቀርቧል። ለአንድ ምሽት የተጠየቀው ዋጋ አምስት ዶላር ነው፤ ከዚያ ያነሰ መክፈል የፈለገም ይችላል። በእነዚያ ቅጂዎች ውስጥ ሙዚቃው ቆሞ ማካይ ከተሰበሰበው ሰው ጋር ሲነጋገር ይሰማል። «አትጠጡ» ሲል የሚሰማበት ቦታ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ «ከፊታችሁ የቆመችውን ልጅ አትግፏት» ሲል ግን ደጋግሞ ይሰማል።